ዝምታና አማና

በገበዝ ማርያም ከመግሪብ በኋላ ከማቀራቸው ልጆች አንዱ «ኡስታዝ፣ ሀገራችን የባሕር ኃይል እንደገና አቋቁማለች ይባላል፤ ታዲያ ባሕር ሰርጓጅ መርከብም ይኖራታል?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። ጥያቄው ግን ከራሴ አልወጣ አለ።

ሀገራችን የባሕር ኃይል ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። ባሕር ሰርጓጅ ግን ኖሯት አያውቅም። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባሕር ኃይል በዳህላክ ደሴቶች፣ ኖክራ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ የቀደሙት ሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች በኩፊ ጽሕፈት ተቀርጸው የሚገኙበት ያው ዳህላክ ማለት ነው። ምጽዋ በ1990 ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ ባሕር ኃይሉም በ1996 ፈጽሞ ፈረሰ። እንደገና እንዲቋቋም የታሰበው በ2018 ነው።

ልጁ ነገሩን እንዲረዳው ስል ወደ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። የናፍጣ ሞተር አየር ይፈልጋል፤ ጭስም ይተፋል። ባለወፍጮው በሩን ከፍቶ የሚያሠራው ለዚሁ ነው። ይህን ሞተር ውኃ ውስጥ አስገብቶ በሩን ቢዘጉት ሠራተኛውንም አፍኖ ይገድላል፣ ራሱም ይጠፋል። ስለዚህ ባሕር ሰርጓጁ ሞተሩን የሚያስነሳው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወይም የአየር መሳቢያ ቱቦውን ብቻ ከውኃው በላይ አውጥቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ታላላቅ ባትሪዎቹን ይሞላል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠልቃል፤ በኤሌክትሪክም ብቻ ይሄዳል። ያን ጊዜ ድምፅ የለውም። ኃይሉ ሁሉ በዚህ ዝምታ ላይ የቆመ ነው፤ ጠላት በሚያዳምጥበት ሰዓት ውስጥ ያሉት ሰዎች አረማመዳቸውን እንኳ ይጠነቀቃሉ። ውኃው በየ10 ሜትሩ ክብደት እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በ300 ሜትር ጥልቀት በእያንዳንዷ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 30 ኪሎ ያህል ይጫናል። በዚያ ስፍራ ትንሽ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። በጠላት ፊት ዝም ማለት ግዴታው የሆነ ሰው፣ የገዛ መርከቡን ጉድለት ሲያይስ ዝም ማለቱ ታዛዥነት ነው ወይስ አማናን መብላት?

በጀርመን ተሠርታ በ1985 ሥራ የጀመረችው የአርጀንቲናዋ «ሳን ሁዋን» 44 ሰዎችን ይዛ በኅዳር 2017 ጠፋች። አዛዡ በመጨረሻው ቀን በአየር መሳቢያው በኩል የባሕር ውኃ ገብቶ ባትሪዎቹ ዘንድ እሳት ማስነሣቱን አስታውቆ ነበር። መናገሩን ተናግሯል፤ ግን ከባሕር መሐል ሆኖ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከ900 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተሰባብራ ተገኘች። በ2019 የሀገሪቱ ምክር ቤት መርማሪዎች የአዛዦቹን አሠራርና ለዓመታት የጓደለውን የጥገና በጀት ነቀፉ። የወደብ ላይ ጉድለት የወደብ ላይ ምላስ ይሻል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ባሕር መሐል መናገር ለኑዛዜ ይቀርባል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን የመርከብ ምሳሌ የማያውቅ የለም። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ውኃ ለመቅዳት የራሳቸውን ክፍል ሊበሱ ያስባሉ፤ የላይኞቹ ካልከለከሏቸው ሁሉም ይጠፋሉ። እኛ መምህራን ይህን ስናስተምር የበሺውን ጥፋት አብዝተን እንናገራለን። ነገር ግን እስቲ ልብ እንበል፤ እነዚያ ሰዎች መብሳትን ያሰቡት ከክፋት አይደለም። በየጊዜው ወደ ላይ እየወጡ የላይኞቹን ማስቸገር ከብዷቸው ነው። ይሉኝታ ያዛቸው! እኔ እንደሚመስለኝ በባሕር ሰርጓጅም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በመድረሳም የሚሰምጠው መርከብ ብዙ ጊዜ የሚበሳው በዚህ ይሉኝታ ነው። የበታቹ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መውጫውን ደረጃ ያከበደው የላይኛው ሰው ሒሳቡ ይበልጥ የከበደ ይመስለኛል።

«ለታላቅ አደብ መጠበቅስ?» የሚል ይኖራል። እኔም በዚሁ አደብ ያደግሁ ነኝ። በልጅነቴ እህል ይዤ ወፍጮ ቤት ስሄድ የሞተሩ ችንጋ ዳሩ ተበጣጥሶ ክሩ ሲንጠለጠል አየሁ። ባለወፍጮው ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀድሞም «አንተ ልጅ ዞር በል» ብለውኛልና ዝም አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ችንጋው ተበጥሶ እጃቸውን መታቸው፤ ሁለት ጣታቸው ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም። ቆይቼ ማየቴን ስነግራቸው «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። አንድም ቃል አልመለስኩላቸውም።

ባለፈው ሐሙስ ልጆቹን ሳቀራ አንድ ሐርካ ሳትኩ። ያ ስለ ባሕር ሰርጓጅ የጠየቀኝ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አንገቱን ደፋ። ሌሎቹ ቂርኣታቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን አስቆምኳቸውና ወደሱ ዞሬ «ምን ሰማህ? ተናገር» አልኩት። ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደበት።