ፌንጣውን ማውጣት

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ መብራቱን ሳበራ ሸረሪቷ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስምንት እግሯን ወደ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አደራ ብሎኝ የሄደው ታራንቱላ ናት። ዘሯ ከሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ ነው፤ ጉልበቶቿ ብርቱካናማ ናቸው። እሷ ግን እዚሁ አሜሪካ በሰው እጅ የተፈለፈለች ናት። የዱር ዘመዶቿን ለገበያ ማጋዙ ስለበዛ፣ በፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ሴት ስለሆነች ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። እኔ 58 ዓመቴ ነው።

የሞተች መስሎኝ ልገለብጣት እጄን ሰደድኩ። ደግነቱ መጀመሪያ ልጄ ጋ ደወልኩ።

“አባዬ፣ እንዳትነካት! ብትሞት እግሯን ወደ ሆዷ ነበር የምትጠቀልለው። ቆዳዋን እየቀየረች ነው። ፌንጣ ካለ ግን ቶሎ አውጣው።”

ፌንጣ ነበረ። ሥራ ልሄድ ስል እኔው ነኝ ያስገባሁት። አዲሱ ቆዳዋ እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳ ስለሆነ፣ ምግቧ የነበረው ፌንጣ መልሶ ሊበላት ይችላል። በረጅም መቆንጠጫ አወጣሁት፤ የውኃ ሰሃኗን ሞላሁ፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለዚህ ሰዓት ብላ ያነጠፈችው ነጭ ድር ከሥሯ ይታያል። የጀርባዋ ቅርፊት ተከፈተ፤ እግሮቿን ከአሮጌው ቆዳ ውስጥ እንደ ጓንት ቀስ እያለች መዘዘች። መንጋጋዎቿን፣ የጨጓራዋን ሽፋን ሳይቀር ጣለች። ላግዛት ብዬ ብጎትት ኖሮ እግሯን እበጥስባት ነበር።

እናቴ ደሴ ላይ ስትታመም የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ፈጣሪን “ለምን እጅህን አልዘረጋህም?” ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያን ጠዋት አንድ መልስ መጣልኝ፤ እጅን መሰብሰብም ምሕረት ይሆናል የሚል። ወዲያው ጣልኩት። ሸረሪቷ ወጣች፤ እናቴ አልወጣችም። ቀብሯ ላይ ላልቆመ ልጅ እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም።

ኢዮብን አሰብኩ። ልጆቹን የቀበረው ሰው ሲጠይቅ እግዚአብሔር ስለ ልጆቹ ምንም አላስረዳውም። ሰጎንን፣ ለማንም የማይገዛውን የሜዳ አህያ፣ ሌዋታንን አሳየው። ይህ ክፍል ዱሮ ከጥያቄው መሸሽ ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ሸረሪቷ ፊቴንም ድምፄንም አትለይም፤ እኔ ለእሷ የወለሉ ንዝረት ነኝ። ለዚህች ፍጡር ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ እንቅልፌን ትቼ፣ ትተርፍ ዘንድ በሙሉ ልቤ ለመንኩ። ኢዮብን ዝም ያሰኘው ምን እንደሆነ ጥቂት የገባኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ለመድኃኒት የላክሁት ገንዘብ፣ ሌሊት ሌሊት የደወልኩት ስልክ፣ ያ ሁሉ ለእናቴ ፌንጣውን ማውጣት ነበር? በቂ ነበር? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ወተት መስለው የወጡት መንጋጋዎቿ በአሥረኛው ቀን ጠቁረው ጠነከሩ። ሥጋ ሳልቀምስ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሕያው ፌንጣ ይዤ ወደ ሣጥኗ ሄድኩ።