ትኩሳቱ የማን ነው?

አንድ ሰው ሲያተኩሰው ምክንያቱን የምንፈልገው ከራሱ ከሰውየው ነው። «ምን ነካው? ምን በላ?» እንላለን። ለመሆኑ ትኩሳት ሁሉ ከታማሚው ነውን?

በበርሊን የሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ይህን ጥያቄ ያስነሳል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሰነበቱ 11 ጠፈርተኞች ግንባራቸው ላይ መለኪያ ተደርጎ የሰውነታቸው ሙቀት ተመዘገበ። ዕረፍት ላይ እያሉ እንኳ ሙቀታቸው ቀስ በቀስ ጨምሮ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ በ1 ዲግሪ ገደማ ከፍ አለ። ስፖርት ሲሠሩማ ከ40 ዲግሪ ያለፈበት ጊዜ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ጤናቸው ተመርምሮ፣ ለዓመታት ሠልጥነው የተላኩ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምድር ላይ ገላችን ያሞቀው አየር ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ይተካዋል። ላባችንም ይንጠባጠባል፣ ይተናል። ክብደት በሌለበት ግን ለሞቃቱ አየር «ላይ» የሚባል ነገር የለም፤ ሰውየውን ከቦት ይቆያል። ላቡም ቆዳው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ትነቱ ይዘገያል። በደማቸው ውስጥም ከሰውነት መቆጣት ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር ጨምሮ ስለተገኘ፣ ምክንያቱ አየርና ላብ ብቻ አይመስልም።

እንግዲህ «የራሴ» የምንለው 37 ዲግሪ፣ ለካ ገላችንና ምድር አብረው የሚሠሩት ሥራ ኖሯል። ምድር ድርሻዋን ስትነፍገን ነው ውለታዋ የሚታወቀን።

በሰው አገር የምንኖር እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። በአገሩ ጎበዝ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ ሲደናገር «ሰነፈ፣ ተበላሸ» ለማለት እንቸኩላለን። ጎረቤቱ፣ ዘመዱና ቋንቋው ሳይታወቀው ስንቱን ትኩሳት ያበርዱለት እንደነበር ግን አናስብም። ይህ ማለት ሰው ለራሱ ኃላፊነት የለበትም ማለት አይደለም። ጠፈርተኛውም ቢሆን እየጋለ ስፖርቱን ይሠራል፤ ካልሠራ ጡንቻውና አጥንቱ ይዳከማሉ። ነገር ግን ሐኪሞቹ «ደካማ ነህ» አላሉትም። መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ፤ ቀጥሎም በዙሪያው ምን እንደጎደለ ጠየቁ።

እኛስ በወገናችን ላይ ከመፍረዳችን በፊት ይህን ያህል ልንጠይቅለት አይገባንምን?