ከሩቅ የመጣውን በምን እንመዝነው?

በወጣቶች መካከል ዘወትር ክርክር ከሚያስነሡ ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ባህል ነው። አንዱ ወገን «ዘመናዊ ነውና እንቀበለው» ይላል፤ ሌላው ወገን «የባዕድ ነውና እንጣለው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች ቢጣሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ሁለቱም የሚጠይቁት «ከየት መጣ?» ብለው ብቻ መሆኑ ነው። ለመሆኑ የአንድ ነገር መምጫ መልካምነቱን ወይም ክፋቱን ሊያስረዳን ይችላልን? ይህን በአሳብ ብቻ ከምናወጣ ከምናወርደው፣ አያቶቻችን ወጣት የነበሩበትን ዘመን፣ ማለትም ከ1952 እስከ 1962 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት ብንመረምር ይሻላል።

ያን ጊዜ አሜሪካ ራሷ በነውጥ ላይ ነበረች። በጥር 1952 ዓ.ም. በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ የምግብ መሸጫ ገብተው ተቀመጡ፤ አናስተናግድም ቢባሉም አልነሣም አሉ። ሌሎች ወጣቶችም በየከተማው ተከተሏቸው፤ ብዙዎቹ ተደበደቡ፣ ታሰሩም። በ1956 ዓ.ም. ሰውን በቀለሙ ለይቶ ማግለልን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የቬትናም ጦርነትም ሌላ ቁጣ አስነሣ። መጋቢት 26 ቀን 1960 ዓ.ም. ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በጥይት ተገደሉ። ሙዚቃውም፣ የጠጉሩ አያያዝም፣ አለባበሱም የተለወጠው በዚሁ ሁሉ መካከል ነው።

ይህ ወደ አገራችን የመጣው በብዙ መንገድ ነው። ከ1955 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ያዙ። ሲኒማ ቤቱም ሸክላውም ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ ሲያስተምሩ፣ የአዲስ አበባን ወሬና አለባበስ ይዘው ይሄዱ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴን ሰዎች «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ብለው የጠሯቸው በዚያ ዘመን ነው።

የአለባበሱን ነገር ትተን እስቲ አንዱን ብቻ፣ የጠጉሩን ነገር እንመልከት። በከተማው ያለ ወጣት ጠጉሩን አሳድጎና አበጥሮ «አፍሮ» አለው። ሽማግሌዎችም «የፈረንጅ አገር ብልግና ነው» ብለው ገሠጹት። ነገር ግን ጎፈሬ የማን ነበረ? በዐድዋ የዘመቱት ጀግኖች ጎፈሬያቸውን አጎፍረው አልነበረምን? በአሜሪካ ያሉት ጥቁሮች ጠጉራቸውን እንደ ተፈጥሮው ያሳደጉት ደግሞ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ በመልካቸው እንዲያፍሩ ለዘመናት የጫነባቸውን ንቀት አንቀበልም ሲሉ ነው። እንግዲህ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ የአያቱን ጎፈሬ ከአሜሪካ ያገኘው መሰለው፤ ሽማግሌውም የአባቱን ጎፈሬ የባዕድ ነው ብሎ ኮነነው። ሁለቱም «ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ፤ ሁለቱም ተሳሳቱ። «ለምን ተደረገ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ግን የሚጣሉበት ሳይሆን የሚነጋገሩበት ነገር ባገኙ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያሳዝናል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ግቢ በራስ መኮንን አዳራሽ የልብስ ፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ብዙ ተማሪዎች «ሕዝብ በተራበበትና በታረዘበት አገር ይህ ስድብ ነው፤ የባዕድ ባህል መጫን ነው» ብለው ተቃወሙ፤ እንቁላልም ወረወሩ። ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

በዚያው ዓመት እዚሁ በእኛ አገር በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ ገበሬው በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሥቶ ነበር። መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊነካ ነው ብሎ ሠጋ፤ ገማቾችን አላስገባም አለ። ጦር ዘመተበት፤ ከአውሮፕላን ቦምብ ተጣለበት። በመጨረሻ መንግሥት ገዥውን አንሥቶ የግብሩን ውዝፍ እስከ መማር ደረሰ።

እነዚያን ተማሪዎች ለመውቀስ አይደለም። ስለ ድሀው መቆርቆራቸው እውነተኛ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ላራሹ» እያሉ በአደባባይ የጮኹትም እነርሱው ናቸው። ሆኖም የተወረወረው እንቁላል በማን ላይ ዐረፈ? በድህነት ላይ ነውን? በግብር ገማቹ ላይ ነውን? ትርዒቱን ለማየት በመጡ ሰዎችና በእኅቶቻችን ልብስ ላይ አይደለምን? የባህል ጠብ ሲነሣ ሸክሙ አስቀድሞ በሴቶች ጫንቃ ላይ የሚወድቅበትን ምክንያት ልናስብበት ይገባል። የቀሚስን እጥረት መለካት ቀላል ነው፤ የግፍን ርዝመት መለካት ግን ብርቱ ሥራ ነው።

ከዚህም በላይ ልብሱን «የባዕድ ነው» ብሎ የጣለው ትውልድ የባዕድን መጽሐፍ ሳያበጥር ተቀበለ። ኢሕአፓም፣ መኢሶንም፣ ደርግም የአንዱን የማርክስን ስም እየጠሩ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወንድም ወንድሙን ገደለ። ስንት እናት ልጇን ቀብራ፣ ስንቷም መቃብሩን እንኳ ሳታውቅ ቀረች! አጭር ቀሚስ ይህን ያህል ጉዳት አላደረሰም።

ታዲያ ከውጭ የመጣውን ሁሉ እንዝጋበት ማለታችን ነውን? አይደለም። በየቀኑ ወጣችን ውስጥ የሚገባው በርበሬ፣ በጓሮአችን የሚበቅለው በቆሎና ድንች ዘራቸው ከአሜሪካ ምድር ነው። ዛሬ የእኛ አይደሉም የሚል የለም፤ ምክንያቱም እናቶቻችን በገዛ እጃቸው ደልዘው፣ ቀምመው፣ የእኛ አድርገዋቸዋል። ሙላቱ አስታጥቄም በቦስተን ሙዚቃ ተምረው ሲመለሱ ጃዙን ብቻ ይዘው አልመጡም፤ ከአገራችን ቅኝት ጋር አዋሕደው ዛሬ ዓለም የሚሰማውን ሙዚቃ ሠሩ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ትክክል ነው፤ ወርቁን አቅልጦ በራሱ ልክ ለሠራው ግን የሰው ወርቅ አይባልም።

ስለዚህ «ከየት መጣ?» በሚለው ፈንታ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ይህን ነገር ያስገኙት ሰዎች ምን ከፈሉበት? በግሪንስቦሮ የተቀመጡት ወጣቶች ድፍረት እንደ ሱሪያቸው ስፋት በገበያ አይሸጥም፤ ከሩቅ አገር ፈጥኖ የሚደርሰን ሁልጊዜ ዋጋው ርካሽ የሆነው ነው። ሁለተኛ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማንን ይጠቅማል፣ ማንንስ ይጎዳል? ሦስተኛ፣ እንደ እናቶቻችን በእጃችን ሠርተንበታል ወይስ እንዳለ ውጠነዋል?

ዛሬ የሩቁ አገር በሸክላና በሲኒማ ሳይሆን በኪሳችን ባለው ስልክ ይመጣል። ዳንሱም፣ አነጋገሩም፣ ቁጣውም፣ ጥላቻውም በአንድ ምሽት ይደርሰናል። አውድማ ላይ የቆመ ገበሬ ነፋሱ ከየት መጣ ብሎ አይጣላውም፤ መንሹን አንሥቶ በነፋሱ ገለባውን ከፍሬው ይለይበታል እንጂ። እኛም የገበሬ ልጆች ነንና ይህ ሥራ አይጠፋንም። ወንድሞችና እኅቶች፣ እናበጥር!