ዘራፊ ሁሉ ሌባ አይደለም
በአማርኛ «ዘረፈ» ሁለት ፍች አለው፤ ሽፍታ ገንዘብ ይዘርፋል፣ ባለቅኔ ቅኔ ይዘርፋል። ባለቅኔው ግን የሚዘርፈው ከገዛ አእምሮው ነው፤ በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማሰማት ነውር ነው።

ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ከመጽሐፍ የቀዳውን ያለ ደራሲው ስም ሲያሰፍር ምን እንበለው? «መጽሐፉ ከመደርደሪያው አልጠፋ፤ ማንን ጎዳሁ?» ይል ይሆናል። በእኔ እምነት ከደራሲው ሌላ አንባቢውም ተጎድቷል። ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ገጽ ወደ ምንጩ የሚያደርሱ መንገድ ናቸው፤ መንገዱ ከተዘጋ ስሕተቱን ማን አይቶ ያርማል? ቃላቱን መለዋወጥም አያድንም፤ ሐሳቡ የሰው ነውና።

ተማሪውም ይጎዳል። የሰውን ለሰው ያልሰጠ፣ የራሱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም።