የፋብሪካው ጎረቤት ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ አባት እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ከሰፈራችን ያለው ፋብሪካ ለረመዳን የመስጊዳችንን ምንጣፍ ቀየረልን። ጀዛኩሙላህ ብለን ተቀበልን። ጭሱ ግን ማታ ማታ በመስኮት እየገባ የልጅ ልጆቼን ሲያስላቸው ያድራል። ለኮሚቴው ብነግር ‹ምንጣፍ የሰጠንን ሰው እንዴት እንከሰዋለን?› አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ምንጣፉ ላይ ስቆም ልቤ አልረጋ አለ። ምን ላድርግ?»

እኚህ አባት ያነሱት ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ፋብሪካ ያለው አለ፤ በፋብሪካ የሚሠራ አለ፤ የፋብሪካ ጎረቤት የሆነም አለ። ስለዚህ ዲናችን በዚህ ጉዳይ ምን ያስተምረናል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 36ኛ አንቀጽ እርሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘ በኋላ፣ በጎ ልንውልላቸው የሚገቡንን ሲዘረዝር ከወላጅ፣ ከዘመድ፣ ከየቲምና ከሚስኪን ጋር የቅርብ ጎረቤትንና የሩቅ ጎረቤትን ይጠቅሳል። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሳ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስከማሰብ መድረሳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ብዙዎቻችን ጎረቤት ሲባል አጥር የምንጋራውን፣ ወጥ የምንላላከውን ሰው ብቻ እናስባለን። የፋብሪካ ጉርብትና ግን ከአጥር ያልፋል። ጭሱ የደረሰበት፣ ፍሳሹ የወረደበት ሁሉ ጎረቤቱ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ወረድ ማለት ይበቃል። በወንዙ ዳር የቆዳ ፋብሪካዎችና ሌሎች ኢንዱስትሪዎች ለብዙ ዓመታት ፍሳሻቸውን ሲለቁ ኖረዋል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ እኛ ነዋሪዎች የምንጥለው ቆሻሻም ይጨመርበታል። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ከብትም ይጠጣል፤ ወንዙም ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ጎመኑስ? ተመልሶ ወደ እኛው ገበያ ይመጣል። ወደ ሩቅ ጎረቤት የላክነው ጉዳት ዞሮ ከማዕዳችን ይቀርባል ማለት ነው።

እንግዲህ የጎረቤት የመጀመሪያው ሐቅ ጉዳትን ማስወገድ ነው። ስጦታ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሶላት የምታበዛ፣ የምትጾም፣ ሶደቃ የምትሰጥ ነገር ግን ጎረቤቶቿን በምላሷ የምታስቸግር አንዲት ሴት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትወሳ የእሳት መሆኗን መናገራቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ወንድሞቼ ሆይ! ምላስ ይህን ያህል ካስጠየቀ ጭስ ማውጫና የፍሳሽ ቱቦ ምን ያህል ያስጠይቁ ይሆን? የሰው ሐቅ ለባለ ሐቁ ሳይመለስ ለሌላ በተሰጠ ሶደቃ አይካካስም። ለመስጊድ ምንጣፍ ያወጣ ባለ ፋብሪካ አላህ ይቀበለው፤ የማጣሪያውን ገንዘብ ቆጥቦ ምንጣፍ ከገዛ ግን ጎረቤቱን ከፍሎ ጎረቤቱን እንደመሸለም ነው። ማጣሪያ መሥራት አይቻልም የሚል ካለ፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹ ወደ ውጭ ሳይለቀቅ ተጣርቶ መልሶ አገልግሎት እንዲሰጥ ታስቦ መሆኑን ያስታውስ።

«ጎዳኸኝ»፣ «አልጎዳሁህም» የሚለው ክርክርስ በምን ይፈታል? በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቱኒስ የኖረው ግንበኛና የሕንፃ ሕግ አዋቂ ኢብኑ አር-ራሚ አንድ ዘዴ መዝግቧል። የወፍጮ ንዝረት ግድግዳዬን ጎዳብኝ የሚል ጎረቤት ሲመጣ፣ በክፍሉ ውስጥ ወረቀት በአራት ማዕዘኑ በክር ይንጠለጠልና ደረቅ የድምብላል ፍሬ ይደረግበታል። ከዚያ ወፍጮው እንዲዞር ይታዘዛል። ፍሬው ከተንቀጠቀጠ ወፍጮው ይነሳል፤ ካልተንቀጠቀጠ ጎረቤቱ ክሱን ይተዋል። ድምብላሉ ለባለ ወፍጮም ለጎረቤትም አያዳላም! ዛሬ የድምብላሉ ቦታ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ውሃውንና ጭሱን ገለልተኛ ባለሙያ ይለካ፤ ውጤቱም ነዋሪው ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ በበሩ ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛው ሐቅ እውነትን መንገር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በሕንድ ቦፓል ከተማ፣ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዛማ ጋዝ በሌሊት አምልጦ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በአጥሩ ዙሪያ የነበሩት ድሆች ፋብሪካው ምን እንደሚያከማች አያውቁም ነበር። ፊትን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን እንደሚረዳ እንኳ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። በ1989 ኩባንያው 470 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ገንዘብ ግን የሞተን አያስነሳም። ከዚያ አደጋ በኋላ አሜሪካ በ1986 ፋብሪካዎች የሚያከማቹትን አደገኛ ኬሚካል ለአካባቢው ሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና የብክለት ቁጥጥር አዋጆች ወጥተዋል። ሕግ ባያስገድደው እንኳ ሙስሊም ነጋዴ የዕቃውን ጉድለት ለገዢው እንዲገልጽ ታዟል። የእህሉን እርጥበት መደበቅ ከተከለከለ የመርዙን በርሜል መደበቅ እንዴት ይፈቀዳል?

ሦስተኛው ሐቅ መደማመጥ ነው። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት ሰሙራ ኢብኑ ጁንዱብ (ረ.ዐ.) በአንድ አንሷር ሰው አትክልት ቦታ ውስጥ የቴምር ዛፍ ነበራቸው። ወደ ዛፋቸው ሲገቡ ሲወጡ ባለ ቦታውና ቤተሰቡ ይቸገሩ ነበር። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲደርስ በመጀመሪያ እንዲሸጡለት፣ ቀጥሎ በሌላ ቦታ እንዲለውጡ፣ በመጨረሻም ምንዳ እንዲያገኙበት እንዲሰጡት ጠየቋቸው። ሁሉንም እምቢ ሲሉ ግን ዛፉ እንዲነቀል ፈቀዱ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ! የዛፉ ባለቤትነት አልተካደም፤ ጎረቤትን ለማስቸገር ግን ፈቃድ አልሆነም። ፋብሪካ የሚተክል ሰውም መሬቱን የለቀቀውን ገበሬ አስቀድሞ ያነጋግር፤ ካሳው በቂ መሆኑን ይጠይቅ፤ ልጆቹን ሙያ አስተምሮ ይቅጠር። ሠራተኛውን ላቡ ሳይደርቅ ይክፈለው። ብዙ ሠራተኛ ከሩቅ ሲያመጣ የት እንደሚያድሩ ያስብ፤ አለበለዚያ የሰፈሩ የቤት ኪራይ ይንርና ድሃው ጎረቤት ከመንደሩ ይወጣል።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰበታና በሌሎች የኦሮሚያ አካባቢዎች ፋብሪካዎችና እርሻዎች ሲቃጠሉ አይተናል። የቁጣው ምክንያት ብዙ ነበር፤ የመሬት ጉዳይ ግን አንዱ ነበር። ንብረት ማቃጠል ፈሳድ ነው፤ የስንቱ እንጀራ አብሮ ተቃጠለ! ሆኖም ባለ ፋብሪካ ሁሉ ራሱን ይጠይቅ፦ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ በሬ ላይ የሚቆምልኝ ጎረቤት አለኝን?

ለጎረቤቶችም የምንለው አለን። ፋብሪካውን እያስፈራራን ገንዘብ መጠየቅ፣ ያልደረሰብንን ጉዳት ደረሰ ማለት፣ ለዘመዳችን ሥራ ካላገኘን ማሳጣት ይህም ዙልም ነው። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ሆይ! ስጦታ ተቀበሉ፤ ዝምታችሁን ግን አትሽጡ። ቡኻሪ የዘገቡትን የመርከቢቱን ምሳሌ ታውቃላችሁ። ከታች የተሳፈሩት ውሃ ለመቅዳት በድርሻችን ቀዳዳ እንብሳ ሲሉ፣ የላይኞቹ ዝም ካሉ ሁሉም ይሰምጣሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። የበሳሹን እጅ መያዝ እርሱንም ማዳን ነው።

ለእኚያ አባት የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ «አባቴ፣ ሶላትዎን ይስገዱ። ከዚያ ኢማሙንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘው ወደ ፋብሪካው ይሂዱ። ስለ ምንጣፉ አመስግኑት፤ ስለ ጭሱም በግልጽ ንገሩት። ጭሱ ሲለካ አብራችሁ ቁሙ። ቢያስተካክል ዱዓ አድርጉለት፤ እምቢ ካለ ወደ ሕግ ውሰዱት።» እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ምስጋናውንም ወቀሳውንም በአንድ አፍ ማለት ነው» አሉኝ። አዎን፣ የጎረቤት ወግ ይኸው ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ጉርብትናችንን በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።