የጎደለው ውሃ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር። ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ማስቀመጥ አማረው፤ ኮራል የበቀለበት፣ ብርቱካናማና ነጭ ዓሦች የሚመላለሱበት የጨው ውሃ አኳሪየም። ምጽዋ ተወልደው ያደጉ አንድ ሽማግሌ የዓሣ ሱቅ እንዳላቸው ሰማና ሄደ።

«ጋሼ፣ ጀማሪ ስለሆንኩ ትንሿን ይስጡኝ» አላቸው፣ 40 ሊትር የምትይዘውን እያሳየ።

«ትንሿማ የአዋቂ ናት። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበላሻል። ትልቁ ግን ስህተትህን እስክታውቅ ይታገሥሃል» ብለው 150 ሊትር የሚይዘውን ሸጡለት። ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ መብራት፣ ጨውና ድንጋይ ጨመሩለት። ዓሣ ግን ከለከሉት።

ገንዘብ ይዞ መጥቶ መከልከሉ ቅር ቢለውም ታዘዘ። በተጣራ ውሃ ላይ በየሊትሩ 35 ግራም ጨው በጠበጠ፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አደረገ፣ ድንጋዩን ደረደረ። ከዚያ ዓሣ የሌለበት ውሃ ቁጭ ብሎ ማየት ሆነ ሥራው። ዓሣ የሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውም ዓሣውን መልሶ ይገድለዋል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ መራባት አለባቸው። ይህም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እነሱን ለመመገብ አሞኒያ በጠብታ እየጨመረ ጠበቀ። በመሃሉ ድንጋዩን ቡናማ ነገር አለበሰው። ሚስቱ አየችና «ባሕርህ ይሄ ነው?» አለችው። ቡናማው ነገር በራሱ ጊዜ ጠፋ። መለኪያው አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲያሳይ ሽማግሌው ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ለስላሳ ኮራል ሰጡት።

ውሃው በየቀኑ 2 ሊትር ያህል ይጎድላል። ሰውየው እጁ የማይሰስት ነበርና የጎደለውን በዚያው በመጀመሪያው ልክ እየበጠበጠ ይሞላል፦ በሊትር 35 ግራም፣ በሚዛን፣ አንድም ቀን ሳያጓድል። ዓሦቹ በገቡ በ3ኛው ሳምንት ኮራሉ ተኮማተረ። ዓሦቹ ጥግ ይዘው ቆሙ። ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ሱቁ ሮጠ።

ሽማግሌው አንድ ጠብታ የጨው መለኪያ ላይ አድርገው አዩ። በሊትር 45 ግራም ገደማ።

«ልጄ፣ ምን ነበር የምትጨምርበት?»

«የጎደለውን ነዋ! መጀመሪያ የሞላሁትን፣ ያንኑ።»

«የወጣውስ ምንድን ነው?»

ዝም አለ።

«በልጅነታችን ምጽዋ ጨው ማምረቻው አጠገብ ነበር የምንጫወተው። የባሕሩን ውሃ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ይለቁታል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨውን አትነካም። ቀይ ባሕር ራሱ ከብዙዎቹ ባሕሮች ይልቅ ጨው የበዛበት ለምን ይመስልሃል? በሙቀት ብዙ ይተናል፣ ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝም የለም። አንተም ሳሎንህ ውስጥ በቀን 70 ግራም ጨው ስታመርት ከርመሃል። በል፣ ከውሃው ጥቂት ጥቂት እየቀነስክ በቦታው ጨው የሌለበት ውሃ ጨምር። በአንድ ቀን እንዳትመልሰው፣ እሱም ይገድላቸዋል።»

ይህ ምሳሌ ትዝ የሚለኝ አገር ቤት ልጅ ትተው የመጡ፣ በየወሩ ሐዋላ ቤት የሚሰለፉ አባቶችን ሳይ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ በትክክል የጎደለውን ሞልቷል፦ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአያት መድኃኒት። ያለ ጨው ባሕር የለምና ገንዘቡን የሚያናንቅ ሰው ተቸግሮ አያውቅም ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ልጁ ስልክ ላይ ቃል እየቆጠበ ይመጣል። አባት ይደነግጥና ይጨምራል፦ ጫማ፣ የተሻለ ስልክ። ልጁ ይብስ ዝም ይላል። ከዚያ ቤት በየቀኑ እየተነነ የሚሄደው ግን ብር ሳይሆን ተራ ምሽት ነው፤ «የቤት ሥራህን ሠራህ?» የሚል ቁጣ፣ ራት ላይ የሚነሳ የማይረባ ወሬ። ሱቁ ውስጥም ከጨው ይልቅ የሚረክሰው ውሃው ነው።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይወስደኝም። ሰውየው ቆይቶ ድንጋያማ ኮራሎች ሲያስገባ፣ እነሱ አጽማቸውን የሚገነቡት ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ነውና ንጹሕ ውሃ ብቻውን አልበቃም፤ ካልሲየሙንም እየለካ መተካት ነበረበት። የሚያድግ ልጅም እንዲሁ የሚጨርሰው ነገር አለ፤ ለዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ገንዘቡ እንደገና እውነተኛ ጉድለት ይሆናል። ለካልሲየሙ መለኪያ ይሸጣል። ለልጁ ግን ያለው ረጅም የስልክ ወሬ ነው፤ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ያደረ አባት ጎህ ሲቀድ ሜሪላንድ ቤቱ ሲገባ ደግሞ አዲስ አበባ ከቀትር በኋላ ነው፣ ልጁም ክፍል ውስጥ ነው።