ከነንፍጡ፣ ከነመጫወቻው

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ልጅ አይደለም። ቁጡ ባል ላገባች፣ የሚጠጣ ወንድሙን ላስጠጋ፣ ብድር የሚረሳ ጓደኛ ላለው ሰው ነው የሚጠቀሰው። የወደዱትን ሰው መልካሙን ወስደው ጉድፉን ለሌላ አይተዉም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ተረቱ እንዲህ በአዋቂዎች ጉዳይ ሲሟገት ስለሚውል፣ እውነተኛ ልጅና እውነተኛ ንፍጥ ባለበት ቤት ውስጥ መሥራት አለመሥራቱን የሚጠይቅ የለም። እኔ አያት ቤት ይዤው ልግባና ልፈትነው። አያት ቤት ንፍጡ ራሱ ቀላል ነው፤ ይጠረጋል። የሚከብደው ከልጁ ጋር የሚመጣው ዕቃ ነው፦ አሻንጉሊቱ፣ መኪናው፣ ሶፋ ሥር የሚገባው ኳስ፣ አባባ ሌሊት ሲነሡ የሚረግጡት የፕላስቲክ ጡብ።

ድሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም። መጫወቻው ደጅ ተሠርቶ ደጅ ይቀር ነበር። የቅልሞሹ ጠጠር፣ የሽቦው መኪና፣ የጭቃው ድስት፣ በአሮጌ ካልሲ የተጠቀጠቀው ኳስ ቤት ገብቶ ቦታ የሚያጣብብ አልነበረም። ሰኞ ማክሰኞ ደግሞ መሬት ላይ የተሰመረ መስመር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይጠፋል። የአያት ድርሻ ሊጥ ቆርሶ መስጠት፣ ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ ባዶ ጣሳ ማዋስ፣ ሲመሽ «በሉ ግቡ» ብሎ መጣራት ነበር። ገዝቶ መምረጥ የለ፣ ማጠራቀም የለ። በዚያ ጊዜ ከነንፍጡ መውደድ ብዙም አያስከፍልም ነበር።

ዛሬ መጫወቻው ከመርካቶ ይገዛል፤ ካልሆነም ከዋሽንግተን፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ በሻንጣ ይመጣል። ከዚያስ የት ይቀመጣል? መልሱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፦ ቡፌ ላይ። አሻንጉሊቷ ከነካርቶኗ፣ ከነላስቲኳ፣ በምርቃት ፎቶና በቡና ስኒ መካከል ትቆማለች። ልጁ ሲያለቅስላት «ተው፣ ይሰበራል» ይባላል። እንግዳ ሲመጣ «አክስቱ የላከችለት ናት» ተብሎ ይነገርላታል። ልጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ በድስት ክዳን ይጫወታል።

የአያቶቹ ነገር ይገባኛል። ዕቃው ውድ ነው፤ ላኪዋም በሚቀጥለው ዓመት መጥታ «የታለች?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። ከዚህ በላይ ደግሞ አሻንጉሊቷ ስደት ላይ ያለችውን ልጅ የምታስታውስ ዕቃ ናት፤ ቡፌው ላይ የቆመው የላኪዋ ፍቅር ነው። ቢሆንም ተረቱ እዚህ ጋ ይወድቃል። ይህ ልጅን ያለ ንፍጡ መውደድ ነው። ልጅ ያልላሰው፣ መሬት ላይ ያልጎተተው፣ ፀጉሩን ያልነጨው አሻንጉሊት የአዋቂዎች ጌጥ እንጂ የልጅ መጫወቻ ሊባል አይችልም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነም ቤት አለ፤ ሁሉም ወጥቶ የተበተነበት። አያት «ልጄ ደስ ይበለው» ብለው ሳሎኑን ለቀውለታል፤ ልጁ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል እንጂ አንዱንም አይዘውም። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ ከ4፣ ሌላ ጊዜ ከ16 መጫወቻ ጋር አስቀምጠው ተመልክተዋል። አራት ብቻ ሲቀርብላቸው ሕፃናቱ አንዱን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ በዚያው ዕቃም በብዙ መንገድ ተጫወቱ። ድሃ ነን ብለው በመጫወቻው ማነስ የሚያፍሩ አያቶች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ጥቂት ከተባለ ታዲያ የትኛው? የእኔ ምርጫ ብዙ ነገር ሊሆን የሚችል ዕቃ ነው። ቁልፉ ሲነካ አንድ ዘፈን ብቻ የሚዘፍን መጫወቻ በሁለተኛው ቀን ልጁን ያሰለቸዋል፤ አያትን ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያሳብዳል። ኳስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የሚደራረብ ሳጥን፣ የሚገጣጠም ጡብ ዓመታት ይቆያሉ። ለምሳሌ ሌጎ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው ጡብ ዛሬ ከሚመረተው ጋር ይገጥማል፤ አጎት በልጅነቱ የተጫወተበት ካለ ለእህቱ ልጅ ይሆናል ማለት ነው። ለትናንሾቹ ደግሞ ድርጅቱ ዱፕሎ የሚባል፣ በቁመትም በወርድም እጥፍ የሆነ ጡብ አለው። ገንዘብ ለሌለውም መላ አለ። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት በካልሲ አሻንጉሊት የተጀመረ ነው፤ ቀጭኔዋን ጸሐይን ያየ ልጅ፣ አያቱ እጃቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው ሲያናግሩት ማን እንደሆነች አይጠይቅም፤ መልስ ይሰጣታል።

የድሮውን ስናሞግስ ግን እንጠንቀቅ። ብይና የቅልሞሽ ጠጠር ለሰባት ዓመት ልጅ ጨዋታ ነው፤ ሁሉን ወደ አፉ ለሚወስድ የሁለት ዓመት ልጅ ግን ማነቂያ ነው። በአሜሪካ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻ የሚፈተንበት ትንሽ ቱቦ አለ፤ ስፋቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መጫወቻው ወይም ከእሱ የተነቀለ ቁራጭ በውስጡ ከገባ ለዚያ ዕድሜ አይሸጥም። ቤት ውስጥ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው የካርቶን ጥቅልል ሰፋ ስለሚል ለጥንቃቄ ይበልጥ ይሆናል፤ በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሕፃን ይራቅ። ብልጭ ድርግም በሚል ርካሽ መጫወቻ ውስጥ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ ከሁሉ የባሰች ናት። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ውስጡን ማቃጠል ትችላለች። የባትሪ ክዳኑ በብሎን ያልታሰረ መጫወቻ ቤት አይግባ፤ ልጁ እንደዋጠ ከተጠረጠረም ጠዋት እናየዋለን ሳይባል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

አያት ቤት ውስጥ ልጅ መጫወቻ የሚያደርገው ደግሞ የተገዛለትን ብቻ አይደለም። የአባባ የደም ግፊት ኪኒን ትራስጌ ተቀምጧል፤ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሟል። ልጁ ዓይን ላይ አንዱ ከረሜላ፣ ሌላው ውሃ ነው። መጫወቻ ከመምረጥ በፊት እነዚህን መቆለፍ ይቀድማል።

ወደ ማስቀመጫው ስንመጣ፣ ቡፌ ላይ የሚሰቀለው አሻንጉሊት ከማስለቀስ በላይ ሌላ ጥፋት አለው፤ ልጁ ሊያወርደው ይወጣል። መሳቢያውን ደረጃ አድርጎ ሲንጠላጠል ቡፌውም ሆነ ላዩ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ሊወድቅበት ይችላል። ስለዚህ ለልጅ የተፈቀደ ነገር ከታች ይቀመጥ። ከባድ ክዳን ያለው ሳጥንም አልወድም፤ ልጅ አንገቱን አስግጎ ሲፈልግ ክዳኑ ይወርድበታል፤ አኩኩሉ ሲጫወት ደግሞ ውስጡ ይደበቅና አየር ያጥረዋል። ከዚህ ሁሉ እንቅብ ይሻላል። ቀላል ነው፣ ክዳን የለውም፣ ልጁ ራሱ ይጎትተዋል፣ ሳሎን ውስጥ ቢታይም አያሳፍርም። እንቅብ ባይኖር የብስኩት ካርቶን ይበቃል። አንዱ እንቅብ ሳሎን፣ ሌላው ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ በየጊዜው ቢቀያየሩ ልጁ ያረጀውን ዕቃ እንደ አዲስ ይቀበለዋል። ቦታው ቡና ከሚፈላበት ማዕዘን ማዶ ይሁን፤ ጀበናና ኳስ ጎን ለጎን አይውሉም።

እዚህ ላይ ሌላ ተረት ብድግ ብሎ ይከራከራል፦ «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት»። ለጥፋቱ የተሳቀለት ልጅ፣ የተሮጠለት ውሻ አይመለስም ነው። አያት ደግሞ መሳቅ ይወዳሉ። ልጁ እንቅቡን ሲገለብጥ ይስቃሉ፤ መኪናውን በመስኮት ሲወረውር «አይ ጉልበት!» ይላሉ፤ እናቱ ስትቆጣ «ተይው፣ ልጅ አይደል» ብለው ይገላግላሉ። ማታ ጎንበስ ብለው የሚለቅሙት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ያውም በሚያማቸው ወገብ።

ሁለቱን ተረቶች የሚያስታርቀው፣ እንደ እኔ ግምት፣ የዕቃው ብዛት ነው። አምስት መጫወቻ የያዘ እንቅብ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ከአያቱ ጋር እየቆጠረ ይመልሳል፤ መመለሱም ራሱ ጨዋታ ይሆንለታል። ሃምሳ ከሆነ አዋቂም አያነሣውም፤ ልጁን መቆጣትም ግፍ ነው። እናም ያነሰ ዕቃ ባለበት ቤት አያት ልጁን ከነዝርክርኩ ወድደው «መልስ» ሊሉት ይችላሉ። በበዛበት ቤት ከሁለት አንዱ ይቀራል፤ ወይ ፍቅሩ ወደ ንጭንጭ ይለወጣል፣ ወይ ልጁ ሥርዓት ያጣል።

ተረቱ የማይሸከመው አንድ ነገር ግን አለ። ንፍጡ የልጁ ነው፤ ካርቶኑ የወላጆቹ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ሲጠበን የማይፈለገውን ሁሉ፣ ጎማው የወለቀ ብስክሌት፣ እጅ የሌላት አሻንጉሊት፣ ያደጉበትን የልጅ ወንበር፣ «ሲመጣ ይጫወትበታል» እያልን እናት ቤት እናራግፋለን። ልጁ በወር አንድ ቀን ይመጣል፤ ዕቃው ሠላሳውንም ቀን እዚያው ነው። አያት የልጅ ልጃቸውን ከነንፍጡ ሊወዱ ግዴታ ቢኖርባቸው እንኳ፣ የእኛ ዕቃ ቤት የመሆን ግዴታ የለባቸውም። የተሰበረው ይጣል፣ ደህናው ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ።

አዲስ ለመላክ ያሰባችሁም፣ በሻንጣ ይሁን በታክሲ፣ አስቀድማችሁ ደውሉ። ብቻ «ላምጣ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እናት «ምን ችግር አለው ልጄ» ማለቷ አይቀርም። «የት ይቀመጣል?» በሏት። ቦታውን ወዲያው ካልነገረቻችሁ ዕቃው እናንተው ቤት ይቅር፤ ልጁን ብቻ ላኩላት።